ዋጋ ከመነገሩ በፊት

ጅማ፣ ሄርማታ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለሩፈይዳ አሊ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ደብዳቤ በኢሜይል ስለሚመጣ መንገድ አያደክመውም፤ ከሥራ ደክመሽ ገብተሽ ለምታነቢው ለአንቺ ግን አላህ ብርታቱን ይስጥሽ። አንቺ ያለሽበት ባሕር ማዶ፣ በርገን፣ ሁልጊዜ ይዘንባል ሲሉ እሰማለሁ። እኛም ጋ ዘንድሮ ቡናው ለለቀማ ደርሶ ሳለ ዘንቦ፣ ሰቃ ያሉት አባትሽ ኦቦ አሊ ቡናቸውን ሲሸፍኑ ሲገልጡ ሰነበቱ። ጤናቸው ደህና ነው። አባባና እማዬም፣ አልሐምዱሊላህ፣ አሉ።

ሀምዳን ነኝ፤ የአባትሽ የአጎት ልጅ የቲጃኒ ትንሹ ልጅ። ስትሄጂ በአባባ ወርክሾፕ ሰጋቱራ ላይ የምተኛ ሕፃን ነበርኩ፤ አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሻለሁ። ሐምሌ ላይ ታላቅ ወንድሜ ፋሂም ከሰቃ ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ተገልብጦ የሞተብን ጊዜ ደውለሽ ነበር። እማዬን አናገርሽ፣ አባባን አናገርሽ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ መስመሩ ተቋረጠ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምጽፍልሽ ስለ ዋጋው መተግበሪያ ነው። ፋሂም ነግሮሽ ታውቂዋለሽ። ሌላ ሰው ደግሞ በራሱ መንገድ ነግሮሽ ሊሆን ስለሚችል ከእኔም ስሚው።

አባባ በር፣ አልጋ፣ ጠረጴዛ ይሠራሉ። የአንድ በር ዋጋ ከእንጨቱ፣ ከማጠፊያው፣ ከቫርኒሹ፣ ከሥራው ቀንና ከማጓጓዣው ተደምሮ ነው የሚወጣው። ድሮ አባባ ይለካሉ፣ ፋሂም አጠገባቸው ቆሞ ያሰላል። አሁን ደንበኛ ሲመጣ አባባ ፋሂም በሞተበት ወር የነበረውን ዋጋ ይናገራሉ። እንጨት ጨምሯል፣ ቫርኒሽ ጨምሯል፤ እሳቸው ግን ከሐምሌ አልወጡም። ደንበኛው ደግሞ መቼ ያርማቸዋል? እንዲህ ከቀጠለ ወርክሾፑ ክረምትን አያይም።

ፋሂም የጀመረው መተግበሪያ ልኩን ሲያስገቡለት ዋጋውን ይናገራል። በአባባ አንድሮይድ ስልክም፣ አንቺ ለኦቦ አሊ በላክሽላቸው አይፎንም መሥራት አለበት፤ የሰቃ ትእዛዝ የሚመጣው በእሳቸው በኩል ነውና። ስለዚህ አንዴ ተጽፎ በሁለቱም ዓይነት ስልክ የሚሠራበት መሣሪያ ያስፈልጋል። ሥራው ፍላተር በሚባል እንዲህ ባለ መሣሪያ ተጀምሮ ግማሽ ደርሷል። አሁን ሊዮል ፍላተሩን ትተን ከመጀመሪያው በድረ ገጽ እንሥራው ይላል።

ሊዮል የፋሂም ጓደኛ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፤ ቦሳ አዲስ ሰፈር ተከራይቶ ይኖራል። ፋሂም ከሞተ በኋላ እማዬ የፋሂምን ላፕቶፕ ለእሱ ሰጠችው። ለእኔ አይደለም፤ ለእሱ። ልጄ ትለዋለች። እርግጥ እኔንም ልጄ ትለኛለች፤ ግን እኔን የምትለኝ ውሃ አምጣ ከማለቷ በፊት ነው።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። አንቺ እዚያ ይህንን ሥራ የምትሠሪ ሰው ስለሆንሽ ቃልሽ ይሰማል። የትኛው እንደሚሻል ጻፊልን። ፍላተር ነው እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ፋሂም የመረጠው እሱን ነውና። የሞተ ሰው ሥራው ሲፈርስ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፤ ብርዱንም ያቅልልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ
ሀምዳን ቲጃኒ


በርገን
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለሀምዳን፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ። አላህ የአባትህንና የእናትህን ልብ ያጽና፤ አንተንም ትምህርትህን ይባርክልህ። ያን ቀን በሩ ጋ መቆምህን አላወቅሁም። ባውቅ ኖሮ እንደገና እደውል ነበር።

ጥያቄህን ሥራ ቦታ እንደሚጠየቅ ጥያቄ ልመልስልህ። እኛ የምንሠራው የአውቶቡስ ትኬት መተግበሪያ ነው፤ የተጻፈው ሪአክት ኔቲቭ በሚባል ሌላ መሣሪያ ነው። የመረጥነው ከሌላው ስለሚበልጥ አይደለም። መጀመሪያ የነበሩት ሰዎች የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕትን፣ ያውቁ ስለነበር ብቻ ነው። የትም ቦታ መሣሪያ የሚመረጠው እንደዚህ ነው፤ ሰው የሚያምርበትን ሳይሆን የሚያውቀውን ያነሳል።

ፍላተር ጥሩ ነው። አንዴ ስልኩ ላይ ከተጫነ ኔትወርክ አይፈልግም፤ በሁለቱም ስልኮች መልኩ አንድ ዓይነት ነው። ችግሩ ለአባቴ አይፎን የሚሆነውን ለማዘጋጀት የአፕል ኮምፒውተር መጠየቁ ነው። እሱን እኔ ከዚህ ልሠራላችሁ እችላለሁ፤ ግን ባረማችሁ ቁጥር እኔን መጠበቅ ሊኖርባችሁ ነው። ያም ላፕቶፕ አሮጌ ነው፤ ፍላተር ሲከብደው ታያለህ። ድረ ገጹ ደግሞ በማንኛውም ስልክ ይከፈታል፤ ተጠንቅቀው ከሠሩት ኔትወርክ ሲጠፋም አይጠፋም። ቀላል ነው፤ ለማረምም አይከብድም።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ሊዮል በሐምሌ ይመረቃል። ከዚያ በኋላ የእንጨት ዋጋ ሲቀየር፣ አንድ ነገር ሲበላሽ፣ ማን ነው የሚያስተካክለው? አንተ ነህ። ስለዚህ በየትኛው ብትሠሩ አንተ ትማረዋለህ? ይህን ከሊዮል ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።

ፋሂም ምን መርጦ እንደነበር ጽፈህልኛል። ስለ እሱ በሌላ ጊዜ እናወራለን።

ለእናትህ ለአደ ዘይቡ ሰላምታዬን አድርስልኝ። በሰላም ያገናኘን።

ሩፈይዳ


ጅማ፣ ሄርማታ
ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሩፈይዳ፣

ሰላምና ራሕመት ባለሽበት ይድረስሽ። ዛሬ ከተማው የጥምቀት በዓል ላይ ነው፤ ወርክሾፑም ፀጥ ብሏል። ሊዮልም ታቦት ሊሸኝ ሄዷል። ስለዚህ በሰላም እጽፍልሻለሁ።

ላፕቶፑን አስመለስኩት። እማዬን ለትምህርት ያስፈልገኛል አልኳት። እውነትም ነው፣ ውሸትም ነው። ሊዮል ሳይከራከር ቦርሳው ውስጥ ከነቻርጀሩ አምጥቶ ሰጠኝ። እንዲከራከር ፈልጌ ነበር።

ከፍቼ ፍላተሩን አስነሳሁት። ልክ ነሽ፣ ያቃስታል፤ ሻይ ተፈልቶ ተጠጥቶ ነው የሚከፈተው። ግን የከፈተልኝን ነገር ልንገርሽ። የመጀመሪያው ገጽ ስለ በር ወይም ስለ አልጋ አይጠይቅም። ስለ ልክም አይጠይቅም። በትልቁ የተጻፈው «ለማን ነው?» የሚል ነው።

አንቺ ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። አባባ ይህን ሳይጠይቁ ለማንም ዋጋ ነግረው አያውቁም። የሙሽራ አልጋ ከሆነ ለአበባ ቅርጹ ድካማቸውን አያስቡም። የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን በር ከሆነ የእንጨቱን ብቻ ነው። ሐዘን ላይ ላለ ቤት ወንበር ከሆነ ትርፍ የሚባል ነገር አያነሱም። ለሆቴል ከሆነ ግን ወዮለት። ሄርማታ ያሉ ነጋዴዎች «ቲጃኒ ጋ በር ለማሠራት ከነዘር ማንዘርህ መምጣት አለብህ» እያሉ ይቀልዳሉ። ይህንን ከዚያ ወርክሾፕ ልጅ በቀር ማን ሊያስበው ይችላል? ከደብረ ብርሃን የመጣ ሰው ዋጋ ማለት ቁጥር ይመስለዋል። ገጹን ሳየው የወንድሜን ድምፅ የሰማሁ ያህል ሆነብኝ። ብዙ ተቀመጥኩ፤ ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር እየነካሁት።

በማግስቱ ለሊዮል አሳየሁት። ልታፈርሰው የነበረው ይህንን ነው አልኩት። ገጹንም እኔንም አየና ዝም አለ። ዝም ያለው መልስ ስለሌለው ነው።

ሌላም አንድ ፎልደር አገኘሁ። ትንሽዬ ድረ ገጽ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ዋጋ፣ ለሁሉም ሰው እኩል፣ ሌላ ምንም የለውም። ፋሂም ሲጀምር የተለማመደበት መሰለኝ። አልነካሁትም።

አሁን ሁለት ነገር እለምንሻለሁ፣ ማሎ። አንደኛው፣ ከሊዮል ጋር መጻጻፍሽን ተዪ። በየቀኑ «ሩፈይዳ እንዳለችው» እያለ ይጀምራል። አንቺ የእኛ ዘመድ ነሽ፤ ስለ ሥራው መጠየቅ ከፈለግሽ እኔን ጠይቂ። ሁለተኛው፣ ፋሂም የጻፈልሽን መልእክቶች ላኪልኝ። እኔ ከእሱ ያሉኝ መልእክቶች «ዳቦ ይዘህ ና» እና «ቻርጀሬን የት አደረስከው» የሚሉ ናቸው። አንድ ክፍል የሚያድሩ ወንድማማቾች አይጻጻፉም። አንቺ ባሕር ማዶ ስለሆንሽ ረጅም ረጅም ደብዳቤ ደረሰሽ፤ እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ዳቦ ደረሰኝ።

አላህ ያክብርሽ፤ ቤትሽን ሰላም ይሙላው።

ሀምዳን


በርገን
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀምዳን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ረመዳኑን በጤና አድርሶ በጤና ያስጨርሳችሁ። ከወር በላይ ስለቆየሁብህ አፉ በለኝ። ደብዳቤህን በተደጋጋሚ ጀምሬ ተውኩት።

መልእክቶቹን አሁን አልልክልህም። እምቢ ማለቴ አይደለም፤ ቆይ ማለቴ ነው። ከሊዮል ጋር የምንጻጻፈው ስለ ሥራው ነው፤ አንተ ስለጠላኸው ብቻ ሰውን የምሸሽ አይደለሁም። ደግሞም ስለ አንተ ክፉ ቃል ጽፎልኝ አያውቅም።

ስላገኘኸው ገጽ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ቆንጆ ገጽ ነው። ከዚህ በላይ አሁን የምለው የለኝም።

በጾሙ በዱዓ አስበኝ።

ሩፈይዳ


ጅማ፣ ሄርማታ
መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሩፈይዳ፣

አላህ ጾምሽን ይቀበልሽ። ደብዳቤሽ አጭር ነበር፤ የእኔ ይረዝማል።

ዘንድሮ የእኛ ረመዳንና የእነሱ ዐቢይ ጾም ገጥመዋል። እማዬ ሊዮል ብቻውን ምን ይበላል ብላ በየሳምንቱ ለኢፍጣር ትጠራዋለች። ለእኛ የሥጋ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ለእሱ ደግሞ የምስር፣ ቅቤ ባልነካው ዘይት፣ በሌላ መጥበሻ። እኔ በዚህ ቤት ስኖር ለእኔ ተብሎ የወጣ መጥበሻ አይቼ አላውቅም። እሱ ሲመጣ ያቺን ሰሐን በእጇ ታቀርብለታለች፤ ለእኔ ግን በአገጯ ትሪውን ታሳየኛለች።

ባለፈው ሐሙስ መጣ። አባባ አጠገብ ተቀመጠ፤ ፋሂም ይቀመጥበት በነበረው በኩል። ተምር ቀምሰን፣ ሰግደን ስንመለስ ሊዮል ድምፁን ዝቅ አድርጎ የድረ ገጹን ሥራ በጓደኛው ኮምፒውተር እንደጨረሰ፣ በኦቦ አሊ አይፎንም ሞክረው እንደተከፈተላቸው ለአባባ ነገራቸው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። እማዬ «አላህ ይስጥህ ልጄ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ቁጭ ብለን የእንጨቱን ዋጋ ብናስገባ ምን ይመስልሃል አለኝ።

የመለስኩለትን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፤ ከሌላ ሰው ተቀይሮ እንዳይደርስሽ።

«አንተ ስለ ቤታችን ምን ታውቃለህ? የፋሂምን ቦታ ያዝክ፣ ሰሐኑን ያዝክ። ሥራውን እንኳ ተውለት።»

እማዬ «ሀምዳን» ብቻ አለች። ሊዮል የገመሰውን ሳምቡሳ ሰሐኑ ላይ መለሰው። ይቅርታ እናቴ አላት፤ እጁን ታጥቦ፣ ጫማውን አድርጎ ሄደ። የበደለው እኔን ይመስል ይቅርታ የጠየቀው እሷን ነው። አባባ የተመለሰውን ሳምቡሳ አይተው፣ «ከእኔ ማዕድ ሰው ሳይጠግብ ተነስቶ አያውቅም ነበር» አሉ። ለእኔ አይደለም ያሉት፤ ለግድግዳው ነው። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር አይነጋገሩም። መላጊያውን እንኳ የሚያቀብሉኝ በሌላ ሰው በኩል ነው።

እኔ ግን ልክ ነኝ። ቤቱ ዝም ስላለ ልክ አይደለሁም ማለት አይደለም። «ለማን ነው?» ብሎ የጻፈው ወንድሜ ነው፤ ያ ድረ ገጽ ግን ለማን ብሎ አይጠይቅም። ዱጋ፣ እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ ሊዮል ፋሂምን አውጥቶ እሱ ሊገባ ነው። አንድ መስመር ለእማዬ ጻፊላት። ይህ የፋሂም ሥራ ነው፣ አይነካ በያት። አንቺን ታምናለች።

ቅናት ነው የሚለኝ ሰው አለ። ይሁን። በሌለኝ ነገር አልቀናሁም፤ የነበረኝን ሲወስዱብኝ ነው የቀናሁት።

አላህ ትዕግሥት ይስጠኝ፤ ለአንቺም ሥራሽን ያቅልልሽ።

ሀምዳን


በርገን
መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀምዳን፣

ሰላሙ ይድረስህ። ደብዳቤህን ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ አነበብኩት፤ የምወርድበት ጣቢያ አለፈኝ። ዘንድሮ ለአንተ የምጽፈው ሁሉ እየዘገየ ደረሰህ፤ ይህኛው አይዘግይ።

«ለማን ነው?» የሚለውን ገጽ የጻፈው ሊዮል ነው።

ፍላተሩን በፋሂም ላፕቶፕ ላይ የጀመረውም እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ወርክሾፕ ቫርኒሽ ያልተቀባ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን ሲያነብ አባትህ ደንበኞችን ሲጠይቁ ይሰማ ነበር። አንድ ቀን ጻፈልኝ፤ «እኚህ ሰውዬ ዋጋ የሚያወጡት በሜትር አይደለም፤ መጀመሪያ የሚለኩት ሰውን ነው» አለኝ። ገጹ የመጣው ከዚያ ነው።

የፋሂም ሥራ አንተ ልምምድ ያልከው ትንሽ ድረ ገጽ ነው። አንድ ዕቃ፣ አንድ ዋጋ፣ ለሁሉም እኩል። እሱ የአባትህን ጥያቄ አይወደውም ነበር። ፊት አይቶ ዋጋ የሚናገር ሰው ዕድሜ ልኩን በዋጋው ያኮረፈ ሰው ሲያባብል እንጂ ቤት ሲሠራ አይታይም ይል ነበር። ዋጋው ግድግዳ ላይ ተጽፎ እንዲሰቀል ነበር የሚፈልገው። ግንቦትን በሙሉ ከሊዮል ጋር በዚህ ተከራከሩ። አንዱ ጽፎ ፍረጂ ይለኛል፣ ሌላውም ጽፎ ፍረጂ ይለኛል። እኔ አልፈረድኩም። በሐምሌ ደግሞ የሚፈረድለት ሰው አልነበረም።

ሊዮል የራሱን ሥራ ሊጥለው የተነሳው ለዚህ ነው። ፋሂም እንደፈለገው ልጨርስለት አለኝ። አንተ ያንን ገጽ ይዘህ ስትሄድበት ግን ሌላ ነገር ለመነኝ። «ይመነው፤ አትንገሪው» አለኝ። እኔም እሺ አልኩት። አሁን ቃሌን ያጠፋሁት እሱ የጻፈውን ይዘህ እሱኑ ከማዕድ ስላስነሳህበት ነው።

ስለ መሣሪያው ደግሞ እንደ ባለሙያ የመጨረሻ ቃሌን ልስጥህ። ሁለቱም ይሠራሉ። ፍላተሩን ከመረጣችሁ የአይፎኑን እኔ እሠራለሁ፤ ድረ ገጹን ከመረጣችሁ እኔን አትፈልጉኝም። መምረጥ ያለባችሁ ግን ስልኩ ይጠይቅ ወይስ አይጠይቅ የሚለውን ነው። እሱን በርገን ሆኜ አልመርጥላችሁም።

ዒዱን በሰላም ያድርሳችሁ።

ሩፈይዳ


ጅማ፣ ሄርማታ
ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሩፈይዳ፣

ያለሽበትን ቤት አላህ በደስታ ያኑርልሽ። መልስ ሳልሰጥሽ ዒዱም አለፈ፣ የእነሊዮል ፋሲካም አለፈ። አባትሽ ለፋሲካ ብለው ለሊዮል ማር ልከውለታል፤ ለእኔ በዒድ አልላኩልኝም። እዚህ ላይ እስክትስቂ እጠብቅሻለሁ።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ የተናደድኩት በአንቺ ነው። ቀጥሎ በሊዮል። በፋሂም መናደዴን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እንዴት ይህን ሁሉ ለአንቺ ሲጽፍ፣ እኔ ከጎኑ ባለው አልጋ ተኝቼ ሳለ፣ አንድ ቀን «ሀምዳን፣ አንተ ምን ትላለህ?» አይለኝም? እኔም እኮ ሐሳብ ነበረኝ። የአባባ ልጅ እኔም ነኝ።

ቦሳ አዲስ የሄድኩት ከዒድ በኋላ ነው። ሊዮል ግቢ ውስጥ ልብሱን ያጥብ ነበር። ሲያየኝ አልተነሳም። «ስለ ቤታችሁ የማላውቀው ሰውዬ ጋ ምን አመጣህ?» አለኝ። እንደሚገባኝ ነው። ሩፈይዳ ነገረችኝ አልኩት። ሸሚዙን ጨምቆ ገመዱ ላይ አሰጣና ባዶ ጀሪካን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ፤ ተቀመጥኩ።

ለምን የእኔ ነው እንዳላለኝ ጠየቅሁት።

«ገጹን ስታሳየኝ ስክሪኑ እንዳይጠፋ በየአፍታው ትነካው ነበር» አለኝ። «የእኔ ነው ብልህ ምን አገኛለሁ?»

ቀንቼብህ ነው አልኩት። በቃል ለማውጣት የከበደኝን ያህል ለመስማት አልከበደውም። ማወቁን ነገረኝ፤ ግን በቅናት የሚታወቁ ሰዎች በሴት ወይም በሀብት እንጂ በምስር ሳምቡሳ ሲቀኑ አይቶ እንደማያውቅ ጨመረበት። ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ እሱ የፋሂምን ድረ ገጽ እንጨርስ አለ። አባባን የማያውቅ ገጽ ነው አልኩት። ፋሂም የፈለገው ግን እሱን ነው አለኝ።

«ፋሂም ተሳስቷል» አልኩ።

ሁለታችንም ወደ በሩ ዞርን፤ እሱ የሰማን ይመስል። ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። ቤታችን ውስጥ ፋሂም ደግ ነው፣ ፋሂም ጎበዝ ነው፣ ፋሂም አይሳሳትም። ከሁሉም በላይ ይህን ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

በፍላተሩ ቀጠልን። ሊዮል ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ከሐምሌ በኋላ የምቀረው እኔ ነኝና። የእንጨቱን የዛሬ ዋጋ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት አባባ ስልክ ላይ ጫንነው። አባባ በሌላ ሰው በኩል መላጊያ ማቀበሉን ትተዋል፤ ሊዮልን ይዤ የገባሁ ቀን ነው የተዉት፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ።

ወዲያው ወይዘሮ ቆንጂት የሚባሉ ሴት አልጋ ሊያዙ መጡ። ለአባባ ስልኩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ፤ «ለማን ነው?» አላቸው ስልኩ። አባባ ስልኩን ገልብጠው ጀርባውን አዩት።

«ይሄ ያደገው ማን ቤት ነው?» አሉ።

ሴትየዋ ለሚዳሩት ልጃቸው እንደሆነ ተናገሩ። አባባ ነኩት፣ ልኩን አስገቡ፤ ስልኩ የሚያዝያን ዋጋ ከነሙሽራው ቅናሽ አወጣ። አባባ ቁጥሩን ደግመው አዩት፤ ከሐምሌው በጣም ይርቃል። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡላቸው። ወይዘሮ ቆንጂት ትንሽ ተከራክረው ቀብድ ሰጥተው ሄዱ።

ያኔ አባባ ወደ እኔ ዞረው «ፋሂም ነው አይደል የጻፈው?» አሉኝ።

ሊዮል መሬት መሬት ያይ ነበር። እንደማይናገር አውቃለሁ። አዎ ብል አባባ ስልኩን እንደ አደራ ይይዙት ነበር፤ እኔ በጥር እንደያዝኩት። አዎ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሊዮል ያን ቀን ዝም ሲለኝ ምን እንደከፈለ የገባኝ ያኔ ነው። ግን እሱ የሰጠኝን እኔ ከእሱ ወስጄ ለሌላ ልሰጥ አልቻልኩም።

«ሊዮል ነው» አልኳቸው።

አባባ ሊዮልን አዩት፣ ስልኩን አዩት። ከዚያ ሳቁ። ከሐምሌ ወዲህ አባባ ሲስቁ አልሰማሁም ነበር። «እኔም ፋሂም ከመቼ ወዲህ ተስማማልኝ ብዬ ነው የጠየቅሁት» አሉ። «ያ ልጅ ይህችን ጥያቄ ከምስጥ በላይ ይጠላት ነበር። ‘አባባ፣ በሩ በር ነው፣ ለማን ሆነ ለማን’ ይለኛል።»

በዚህ ጀመርን። አባባ የፋሂምን ወገን ያዙ። ፋሂም ያላቸውን ሁሉ፣ በፋሂም አነጋገር፣ ጣታቸውን እንደ እሱ ጠረጴዛው ላይ እየደበደቡ ይናገራሉ። ከሰቃ የመጣው ድሃና ከሆቴሉ የመጣው ሀብታም እኩል ካልሆኑ ዛሬ ለድሃው ያዘነለት ሰው ነገ ይኮራበታል ይላሉ። እኔ እመልሳለሁ። እማዬ ምሳ ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አንድ ጊዜ አባባ በመልሴ ተቸገሩና «እዚህ ላይ ፋሂም ምን ይል ነበር?» ብለው ሊዮልን ጠየቁት። እሱም ነገራቸው። እኔ ለዚያም መልስ ነበረኝ። የዐስር ሶላት አዛን እስኪል ድረስ ከወንድሜ ጋር ተጣላሁ። ወርክሾፑ ውስጥ እንደዚያ ቀርቦኝ አያውቅም።

የአይፎኑን እንድትሠሪልን ሊዮል ፋይሉን ዛሬ ይልክልሻል። ስለ ሥራው ከእሱ ጋር ተጻጻፊ፤ እሺ ብያለሁ። አሁንም ትንሽ ያመኛል፣ ግን እሺ ብያለሁ።

ስለ መልእክቶቹም አስቤበታለሁ። ሁሉንም አልፈልግም። ደግ ደጉን ለራስሽ አስቀሪው። የተከራከረባቸውን ብቻ ላኪልኝ፤ እኔን የሚነኩትንም ጨምረሽ።

መልስ አለኝ።

ሀምዳን ቲጃኒ